ክርኑ ያላለቀ ኮት

ጥቅምት 20

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? የስፌት መኪናህስ? ከጉልበትህ በፊት እሷን ብጠይቅ ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ፤ ግን ወግ ነውና ሰው ይቀድማል። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። አይቸኩሌ ሁለት ጊዜ ደጄ ድረስ መጥተው “መልስ የለም?” ብለው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። እንቁላል የጫኑ ይመስል አውቶቡስ የሚነዱት ሰውዬ ዘንድሮ ከእሳቸው የዘገየ ሰው አገኙ።

የጠየቅከኝን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ ቁርስ እበላለሁ። አዎ፣ አለቃዬ ደህና ሰው ናቸው። በዚህ ወር ግን መምጣት አልችልም፤ ሥራ በዝቶብኛል። አክስቴን ደግሞ ገና ኃላፊ እንዳልሆንኩ ንገራት፣ ስሆን ከሁሉ ቀድማ ትሰማለች።

ኮቱን በአይቸኩሌ እጅ ልኬልሃለሁ። በግራ ብብቱ በኩል ገበሩ ተቀዷል፣ መካከለኛው ቁልፍም ወልቆ ጠፍቷል። እዚህም ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ ግን አንተ የሰፋኸውን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም።

ቆጣሪህ


ያው ዕለት (ያልተላከ)

አባዬ፣

የዛሬውን ደብዳቤ አሽጌ ለአይቸኩሌ ሰጥቼ ተመለስኩና ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ አላውቅም። ለአንተ ነው፤ ግን አልክልህም።

የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ “ዛሬ ቢሮ ገባሁ” ብዬ ጽፌልህ ነበር። የገባሁት ለቃለ መጠይቅ ነበር። ገባሁ፣ ተጠየቅሁ፣ ወጣሁ፤ አርባ ደቂቃ። አንተ ግን “ልጄ ቢሮ ገባች” ብለህ ለሰፈሩ ሁሉ አወጅህ፤ በሳምንቱ ጥቁሩ ኮት መጣ። ኪሱ ውስጥ “ለቢሮሽ” የሚል ብጣሽ ወረቀት ነበረበት። ኮቱ ልኬ ነበር፤ ወሬው ግን ልኬ አልነበረም። ነገ አርመዋለሁ ብዬ አደርኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ እዚህ ደረስኩ።

ስለዚህ በየጠዋቱ ኮቱን ለብሼ እወጣለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ፣ ማስረጃዬን አስገባለሁ፣ “እንደውልልሻለን” እባላለሁ። አንድ ክፍል የተከራየነው ሦስት ነን፤ አንዷ መሐንዲስ፣ አንዷ የሕግ ባለሙያ፣ እኔ ስታቲስቲክስ። አከራያችን “ከእናንተ ጋር ስውል ሳልማር ልመረቅ ነው” እያለች ትቀልዳለች። ከእኔ ጋር ሁለተኛ ዲግሪ ከያዙት ሠላሳ አንድ ሰዎች ሥራ ያላቸው አሥራ ሁለት ናቸው። ደውዬ ቆጠርኳቸው፤ መቁጠር አይለቀኝም።

አንተ ጨርቅ አልብሰህ መደርደሪያህ ላይ ያስቀመጥከው የመመረቂያ ጥናቴ ርዕሱ ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ? “የተማሩ ወጣቶች የሥራ አጥነት መጠን።” ሠንጠረዥ አራትን ስሠራ ለራሴ ወንበር እያዘጋጀሁ መሆኔን ማን በነገረኝ።

ስልክ ቢሰማህ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አርባ ዓመት መኪናዋ ሥርህ ስትንጫጫ ጆሮህን ይዛው ሄደች፤ እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። በስልክ ቢሆን ድምፄን ትሰማው ነበራ።


ኅዳር 8

ለቆጣሪዬ፣

ሰላምታዬ ከእኔ እስከ አንቺ ያለውን መንገድ ሁሉ ይሙላው፤ አይቸኩሌም ሲያልፍበት ይቅለለው። ጉልበቴን ከመኪናዋ አስቀድመሽ ስለጠየቅሽ መኪናዋ ተቀይማለች። ትናንት ብቻ ሁለት መርፌ ሰበረችብኝ።

በአይቸኩሌ አፍ የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። ሱቁን ሊዘጋ ነው ያለሽ ሰው ውሸቱን ነው። በጊዜ መዝጋት ጀመርኩ እንጂ አልዘጋሁም። የአምፖል ብርሃን አይስማማኝም፤ ፀሐይ ስትገባ እኔም እገባለሁ። ይህን ትልቅ ነገር አድርጎ ያወራልሽ ራሱ አይቸኩሌ ከሆነ፣ ሱሪውን አጥብቤ እንደምሰፋለት ንገሪው።

ባለፈው አንድ እንግዳ ደንበኛ “ልጅህ ምን ትሠራለች?” አለኝ። “ትቆጥራለች” አልኩት። “ምን?” ሲለኝ የቁልፍ ማሰሮዬን አሳየሁት። ትዝ ይልሻል፣ የቁልፍ ማሰሮዬን ገልብጠሽ ስትቆጥሪ “አንድ ጎደለ” ብለሽ ወለሉን ሁሉ ያስጠረግሽኝ? አንዱን የዋጥሽው አንቺ ነበርሽ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሦስት ቀን ስትጠብቀው ከረመች። ከዚያ ወዲህ ነው “ቆጣሪ” የሆንሽው።

ኮቱ ተጠግኗል። ገበሩን ሙሉ በሙሉ ቀየርኩት፣ ቁልፉንም በአዲስ ተካሁት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪኝ። ቢሮሽ ጣሪያ የለውም እንዴ? ሌላ አይደለም፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

አባትሽ


ኅዳር 19

አባዬ፣

የጣሪያው ነገር ይቆየን። አሁን ተራው የእኔ ነው።

ኮቱን ከፌስታሉ ሳወጣው መስኮት ሥር ይዤው ተቀመጥኩ። ቁልፉ የተተከለው በሰማያዊ ክር ነው። በጥቁር ኮት ላይ! “ሰማያዊና ጥቁር ክር ያልለየ ልብስ ሰፊ ሄዶ ዓሣ ያጥምድ” ስትል የኖርከው አንተ አልነበርክም? ከዚያ ገበሩን ገለጥኩት። ድሮ በአንድ አውራ ጣት ስፋት አሥራ ሁለት ጊዜ መርፌ ታሳልፍ ነበር፤ ልጅ ሆኜ የቆጠርኩት ነውና አትከራከረኝ። አሁን አንዱ ቦታ ሰባት ነው፣ ሌላው ቦታ አምስት፣ ብብቱ ጋ ደግሞ መንገድ ስቶ ወደ ኪሱ ሄዷል።

ልቤ አላርፍ አለና ደብዳቤዎችህን ሁሉ አውጥቼ አልጋ ላይ ደረደርኳቸው። አምና በአንድ ገጽ ሃያ ሁለት መስመር ትጽፍልኝ ነበር። ሰኔ ላይ አሥራ ስምንት ሆነ። መስከረም ላይ አሥራ አራት። ያሁኑ ዘጠኝ ነው። በዚህ አካሄድ ከርሞ በአንድ ገጽ አንድ ፊደል ልትልክልኝ ነው። ከሁለት ዲግሪ ያተረፍኩት ይህችን መቁጠር ብቻ ቢሆን እንኳ ዛሬ አልቆጨኝም።

መርፌ የምትሰብረው መኪናዋ አይደለችም። አምፖሉም አልበደለህም። ዓይንህ ምን ሆኗል? እንደ ልጅ ብጠይቅህ ትሸነግለኛለህ፤ ስለዚህ እንደ ቆጣሪ ነው የምጠይቅህ። አባዬ፣ ፈርቻለሁ።

ልጅህ


ኅዳር 27

ልጄ፣

ተያዝኩ። ያስተማርኩሽ ሰው እኔው ነኝና ማንን እወቅሳለሁ።

ሞራ ነው። ቀኙ ከተጋረደ ሰባት ወር ሆኖታል፣ ግራውም ጀማምሮታል። እዚህ ያየችኝ ሐኪም፣ አንቺ ያለሽበት ከተማ የዓይን ሆስፒታል ሄጄ ብገፈፍ ቀላል ነው ብላኛለች፤ ግን ግራው ሳይብስ ቶሎ ነው ያለችው። ለአንቺ ያልነገርኩሽ በክፋት አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ሆዴ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ብዙ ይፈጃል።

“ለምን ቶሎ አልመጣህም?” ትያለሽ። አጃቢ ያስፈልጋል። ወረፋ የሚይዝ፣ ስሜ ሲጠራ የሚሰማልኝ፣ ጠብታ የሚያደርግልኝ፣ በየቀኑ የሚያመላልሰኝ ሰው፤ ሁለት ሳምንት። አክስትሽ እንደምታውቂያት የልጅ ልጆቿን ጥላ ደጅ አትወጣም። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ፈልጌ አጣሁ። አንቺ ደግሞ ሥራ ላይ ነሽ። በእኔ ምክንያት ከቢሮሽ አንድ ቀን እንድትጎድይ አልፈልግም፤ ፈቃድ እንዳትጠይቂ። የዓመት ዕረፍትሽ ሲደርስ እናየዋለን። እኔ እንኳ ካየሁት።

አታልቅሺ፣ ቀልዴን ነው። ሥራዬንም አላቋረጥኩም። ደጃፌ ላይ እቆምና መንገደኛውን ሁሉ አስቁሜ በመርፌዬ ክር አስገባልኝ እላለሁ። አሁን አሁን ሰዉ መንገድ መቀየር ጀምሯል።

አባትሽ


ታኅሣሥ 2

አባዬ፣

በትልልቁ የጻፍኩት ራስህ እንድታነበው ነው። ስለጮህኩብህ አይደለም።

ፈቃድ የምጠይቀው አለቃ የለኝም። ቢሮም የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። “ቢሮ ገባሁ” ያልኩህ ለቃለ መጠይቅ ገብቼ ነበር። አንተ ደስ ሲልህ ደስታህን መንጠቅ አቃተኝ፤ ከዚያ ውሸቱ ራሱ ደመወዝተኛ ሆኖ በየወሩ ደብዳቤ ይጽፍልህ ጀመር። ጥቅምት ላይ እውነቱን ጽፌ ሳልልከው የቀረሁትን አሁን በትልልቁ ገልብጬ አብሬ ልኬዋለሁ። በፀሐይ አንብበው።

የሚያቃጥለኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ፈልገህ አጣህ፤ እኔ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ነበረኝ። አንድ ዓይንህ ሲጋረድ እኔ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር። አንተ እኔን ከሥራ ላለማስቀረት ብለህ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥክ፣ ሥራው ግን አልነበረም። ይቅር በለኝ። መንደሩ የሚለውን ይበል፤ አክስቴም የምትለውን ትበል።

ሐሙስ በአይቸኩሌ አውቶቡስ ና። ወረፋ በመያዝ በዚህ ከተማ የሚያህለኝ የለም።

ቆጣሪህ


ታኅሣሥ 6

የኔ ልጅ፣

ራሴ አነበብኩት። ደጃፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ፣ ሦስት ጊዜ። ለማንም አላስነበብኩም።

አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። ኮቱ ነግሮኝ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚውል ሰው ኮቱ መጀመሪያ የሚያልቀው ክርኑ ላይ ነው፤ አርባ ዓመት የቢሮ ሰዎችን ክርን ስጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንቺን በጣቴ ዳበስኩት፤ የሱፉ ጠጉር እንደ መጀመሪያው ቀን ቆሟል። ያለቀው ቀኝ ትከሻው ነው፣ የቦርሳ ማንገቻ በልቶታል። የውስጥ ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት ተሸክሞ ተለጥጧል። ፀሐይ ላይ አውጥቼ በግራ ዓይኔ ሳየው ደግሞ ፊቱ ጥቁር ነው፣ ጀርባው ግን ቡናማ ሆኗል። ለፀሐይ ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳ ስታነብ የምትውል ሰው ኮት ነው። ጣሪያ አለው ወይ ያልኩሽ ለዚህ ነበር።

ለምን ዝም አልክ ትይኝ ይሆናል። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ደግሞም ባለቤቱ ሳያመጣው የሰው ስፌት አልተረትርም። እስክታመጪልኝ ጠበቅሁ። አባትና ልጅ እየተከባበርን አንዳችን ልንታወር ነበር።

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ የእኔንም ተቀበዪኝ። “ለክተህ ቁረጥ” እያልኩ የኖርኩ ሰው ያንቺን አንድ ቃል ሳልለካ ቆረጥኩት። “ገባሁ” ስትዪኝ “ገብተሽ ቀረሽ ወይስ ገብተሽ ወጣሽ?” ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት? ችኮላዬ ኮት ሆኖ አንቺ ላይ ተጫነ።

አክስትሽ ሰምታለች፤ ነገርኳት። “ሥራ ፈት ናት በለኛ!” አለችኝ። ተቆጣኋት። ሥራ ፈት ማለት ሥራ እያለው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ነው። ልጄ ሥራ አጥ ናት። ፈልጋ ያጣች እንጂ ትታ የተቀመጠች አይደለችም። ጀርባዋ ቡናማ እስኪሆን የፈለገችን ሰው ሥራ ፈት አይባልም አልኳት። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ታውቂያታለሽ፣ ቃሉን ለመጪው ሳምንት እያጠራቀመች ነው። ግን ማታ “ለልጅቱ” ብላ ሹራብ ይዛ መጣች።

ሐሙስ እመጣለሁ። አይቸኩሌ ነው የሚነዳውና ዓርብ ብትጠብቂኝም አልቀየምሽም።

አባትሽ


ጥር 25

ለቆጣሪዬ፣

መስመሮቹን ቁጠሪያቸው። ቆጠርሽ? ሃያ አንድ። አንዷ ገና ትቀራለች፤ ሐኪሙ መነጽር ሲሰጠኝ እሞላታለሁ።

ቤት ከገባሁ ጀምሮ ዕቃውን ሁሉ እያየሁ እደነግጣለሁ። ለካስ ግድግዳዬ እንዲህ ቆሽሿል። ለካስ አክስትሽ ሸብታለች፤ ይህን ብነግራት ሹራቡን ታስመልስሻለች። በዚህ ዓመት የሰፋኋቸውን ልብሶች መንገድ ላይ ሳያቸው ሰዎቹን አስቁሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንዱ ሱሪ ሁለት ግራ እግር ነው ያለው፤ ባለቤቱ አላወቀም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ፋሻው የተነሣ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ያንቺን ፊት ነው። ከስተሻል፤ በደብዳቤ አይታይም ነበር። ቀጥሎ ያየሁት ኮቱን ነው። “ይህን ለብሰሽ ነው ሰው ፊት የምትቀርቢው?” ስልሽ ወረፋው ሁሉ እስኪዞር ሳቅሽ። እዚያ መተላለፊያ ላይ አሥራ አራት ቀን ስሜን እየሰማሽልኝ፣ ጠብታዬን በሰዓቱ እየቆጠርሽ፣ እጄን ይዘሽ ደረጃውን “አንድ፣ ሁለት” ስትዪልኝ፣ ይህችን ልጅ ያልፈለገ ቢሮ ምን ዓይነት ቢሮ ነው እያልኩ በልቤ ስሳደብ ነበር። አንድም ቀን ጮክ ብዬ አላልኩትም። አሁን ልበለው፦ ኮርቼብሻለሁ። የኮራሁት ግን በቢሮሽ አይደለም።

ወረፋ ላይ ሳለን የነገርሽኝን የሙያሽን ሕግ ለአክስትሽ ነገርኳት፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም ያልሽኝን። “ታዲያ በዚህ ሕግ አይቸኩሌም ሥራ አለው ሊባል ነው?” አለችኝ።

ኮቱን ዳግም ስትልኪልኝ “ሰማያዊዋን ክር ተዋት” ያልሽውን ልመና፣ ሙያዬን እየረገምኩም ቢሆን አክብሬዋለሁ፤ ሰማያዊዋን ክር አልነካኋትም። እጄን ስንት ጊዜ መቀስ ላይ አሳርፌ እንደመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ገበሩን ግን እንደገና ሰፋሁት፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ ቁጠሪው። አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠየቅ ጨመርኩ። በሁለቱም ክርኖች ከውስጥ በኩል ጠንካራ ጨርቅ ደርቤበታለሁ። ከውጭ አይታይም። ጠረጴዛሽን ስታገኚ ቶሎ እንዳያልቅብሽ ነው።

ጥናትሽንም አነበብኩት። እስከዛሬ ሽፋኑን እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። ብዙው አልገባኝም፤ ሠንጠረዥ አራት ግን ገባኝ። ረድፉን በጣቴ ተከትዬ ሄድኩና የሥራ አጦቹን ቁጥር ሳገኘው ቆምኩ። አንቺ እዚያ ውስጥ ነሽ፣ ያቺ ሾርባ ያመጣችልኝ መሐንዲስም እዚያ ውስጥ ናት፣ የሕግ ባለሙያዋም። ከጎኑ በእርሳስ ጻፍኩበት፦ “ከነዚህ አንዷ የአባቷን ዓይን አበራች።” ጥናትሽን ስላበላሸሁብሽ ይቅርታ።

አባትሽ


የካቲት 9

አባዬ፣

ዛሬ ቢሮ ገባሁ።

ቆይ! ለአክስቴ እንዳትነግራት፣ ጨርቅም እንዳትቆርጥ። መጀመሪያ ለካ። የገባሁት ለቃለ መጠይቅ ነው፤ ገብቼም ወጥቻለሁ።

የዛሬው ግን አርባ ደቂቃ አልነበረም። የቁጥር ወረቀት ሰጥተው ስህተቱን አውጪ አሉኝ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠረጴዛ ላይ ደፍተውኝ ነው የለቀቁኝ። ክርኖቼን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ቆጠርኩ። ከደረብከው ጨርቅ የተነሣ ምቾቱ ሌላ ነው፤ ትራስ ያደረግህልኝ ነው የመሰለኝ። ከጠያቂዎቹ አንዷ ሴትዮ “ቁልፍሽ በሰማያዊ ክር ነው የተሰፋው፣ አውቀሻል?” አለችኝ። “አውቃለሁ” አልኳት፣ “የሰፋው አባቴ ነው፤ ዓይኑ ሲታመም።” “ለምን አታስቀይሪውም?” አለችኝ። ለአንተ የነገርኩህን ነው የመለስኩላት፤ ያየሁት ማስረጃ ሁሉ ያልነገረኝን የነገረችኝ ያቺ ክር ናት፣ ቆጣሪ ደግሞ ማስረጃ አይጥልም። ሴትዮዋ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላውቅም።

ላገኘው እችላለሁ፣ ላላገኘውም እችላለሁ። ለአንድ ቦታ ሁለት መቶ ስድስት ሰው ነው ያመለከተው፤ ደጅ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ቆጠርኩት። አልዋሽህም፣ ይህንን በጣም እፈልገዋለሁ። መልሱን በሁለት ሳምንት እናሳውቃለን ብለዋል።

ስወጣ መስታወት ፊት ቆሜ ክርኔን አየሁት። ገና አላለቀም። ግን በቀኙ በኩል አንዲት ጠጉር ተኝታለች፤ በእጄ ባሻትም አልነሣ አለች።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ፣ ገባሁም ቀረሁም፣ በዚያው ቀን እጽፍልሃለሁ። እንዲህ እንደዛሬው፣ በትንንሹ ፊደል። ታነበዋለህ።

ቆጣሪህ